በዛብህ ያለ ማንኩሳ?

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትጓዝ ማንኩሳን ታገኛለህ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከዚህች ስፍራ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ተማሪዬ መጽሐፉን ሳትገልጥ «ጨርሼዋለሁ» አለችኝ። ደነገጥሁ።

ወጋየሁ የሰብለ ወንጌልን መልክ ለየአድማጩ ትቶለት ነበር። ካሜራ ግን አንዲቷን መርጦ «ሰብለ ይህች ናት» ማለት ግድ ይለዋል። በዚህ አንፍረድበት። ረዥሙን መንገድ ቢያሳጥርም አልቆጣም።

የበዛብህ ስለት ግን ሌላ ነገር ነው። እናቱ ውድነሽ በጣሙ ልጇ እንዲድንላት ለእግዚአብሔር ተሳለችው። ስለዚህ ዲማ ላይ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሲያስተምር በፍቅሯ በወደቀ ጊዜ፣ የሚታገለው ከአባቷ ኩራት ጋር ብቻ አይደለም፤ ከእናቱም ቃል ጋር ነው። ይህን የቆረጠ አዘጋጅ በእጁ የሚቀረው የባለጸጋና የድኻ ፍቅር ብቻ ነው፤ እሱንማ ከሕንድ ፊልም ጠግበነዋል።

ጉዱ ካሣስ? ንግግሩ ረዝሞ ተመልካችን ያሰለቻል የሚሉ አሉ። በመጽሐፉም ቢሆን እንደ እብድ ተቆጠረ እንጂ መች ሰሚ አገኘ! እንዲያውም ሳያቋርጡ ያስለፍልፉት።

ተማሪዬን የስለቱን ታሪክ ለክፍሉ ጮኻ እንድታነብ አዘዝኋት። ገና ሳትጨርስ፣ ከማንኩሳ የመጣ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፣ «የኔታ፣ እናቴም ለእኔ እንዲሁ ተስላ ነበር» አለ። ልጅቱ መጽሐፉን ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች፤ እስካሁን አልመለሰችልኝም።