ለአንድ ኮንቴይነር ስንት እማኝ?

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ቦታ ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው አንድ ስጋት አያጣውም፦ ይኸው ቦታ ትናንት ለሌላ ተሽጦ ቢሆንስ? የመንደር ውል ሲጻፍ ሦስት አራት እማኝ የሚጠራው ለዚህ ነው። ሻጩ ነገ ሌላ ወረቀት ጽፎ ሌላ ቀብድ እንዳይበላ፣ ነገሩ ሰው ያየው ይሁን ይባላል።

ብሎክቼይንን ለማስረዳት ከዚህ ውል የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። መዝገቡ በአንድ ሰው ሣጥን አይቆለፍም፤ ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ይቀመጣል። አዲስ መስመር የሚገባው እማኞቹ ሲስማሙ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ከቀደመው ገጽ የተሰላ ቁጥር ስለሚሸከም፣ የአምናውን ልፋቅ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ በየእማኙ ቤት እየዞረ መፋቅ ይኖርበታል። ቢትኮይን በዚሁ ዘዴ ቢሠራም ዘዴው ራሱ ገንዘብ አይደለም።

ይህን ዘዴ በመርከብ ጭነት እንየው። መርከብ ለደጋ ከተማ ሩቅ ይመስላል። ግን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ጫፍ ሰበታ ነው፤ ከዚያ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዋናው የጭነት ሥራ እንዶዴና ሞጆ ላይ ስለሆነ የመጨረሻውን መንገድ የሚሸፍነው የጭነት መኪና ነው እንጂ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ያለ ፋብሪካ ከባድ ማሽኑን የሚያስመጣው በባሕር ነው። ከማሽኑ በፊት ደግሞ የሚጠብቀው አንድ ወረቀት አለ።

ወረቀቱ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ይባላል። አንዳንዱ አስመጪ «ሎዲንግ» ይለዋል፤ ያው ጭነት ነውና የሚያርመው የለም። ባጭሩ ቢኤል። ፊቱ ላይ የላኪው፣ የተቀባዩና የመርከቡ ስም፣ እንዲሁም በኮንቴይነሩ በር ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ፣ ይሰፍራል። ጀርባው የጤፍ ፍሬ በሚያህል ጽሑፍ ጢም ብሏል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኦሪጅናል ይዘጋጃል፤ ልማዱ የመጣው አንዱ በመንገድ ቢጠፋ ሌላው እንዲደርስ ታስቦ ነው። ከሦስቱ አንዱን ያቀረበ ዕቃውን ይወስዳል፣ ሁለቱ ያኔ ዋጋ ያጣሉ። ባንክ ኤልሲ (ለሻጩ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና) ከፍቶ ገንዘብ ሲያወጣ መያዣው ይኸው ወረቀት ነው። ጀርባው ላይ እየተፈረመ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍም፣ መርከቡ ገና ውቅያኖስ ላይ ሳለ ጭነቱ ሊሸጥ ይችላል።

በኢሜይል የማይላከው ለዚህ ነው። የተላከ ፋይል ላኪው ዘንድም ይቀራል፤ አንድ ጭነት ለአሥር ሰው ሊሸጥበት ይችላል። ስለዚህ መርከቡ ቀድሞ ደርሶ ወረቀቱ ከባንክ ወደ ባንክ በፖስታ ሲንከራተት፣ ኮንቴይነሩ ተገትሮ ዲመሬጅ የሚባለውን የመዘግየት ክፍያ ይቆጥራል፤ ያውም በዶላር።

የወረቀቱን ብዛት በግልጽ ያሳየው የጎረቤታችን አበባ ነው። ማርስክ የተባለው የዴንማርክ መርከብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ጽጌረዳና አቮካዶ የያዘ አንድ ኮንቴይነር ከኬንያ እስከ ኔዘርላንድ ተከተለ። ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎችና ድርጅቶች እጃቸውን አስገብተውበት፣ ከ200 በላይ የደብዳቤና የመልእክት ልውውጥ ተደርጎበት አገኘው። (የሰበታና የሱሉልታ አበባ ከቦሌ በአውሮፕላን ስለሚሄድ ከቢኤል ጣጣ ነፃ ነው። የአየር ጭነት ሰነድ ዕቃው ለማን እንደሚሰጥ ይናገራል እንጂ ራሱ እንደ ዕቃው አይሸጥም።)

ማርስክ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ በ2018 ትሬድሌንስ የተባለውን የብሎክቼይን መድረክ ዘረጋ። ኤምኤስሲና ሲኤምኤ ሲጂኤምን የመሳሰሉ ተቀናቃኞቹም ገቡበት። በኅዳር 2022 ግን የዓለም የመርከብ ንግድ በሚፈለገው መጠን አልተባበረም ተብሎ እንደሚዘጋ ተነገረ። ቴክኖሎጂው አልነበረም የከሸፈው። እማኞቹን የጠራው ራሱ ከተዋዋዮቹ አንዱ ነበር፤ የመንደር ውል እንደዚህ ቢጻፍ ማን ይፈርማል?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሕግ ዞረ፤ እኔም ወደፊቱ ያለው እዚያ ይመስለኛል። እንግሊዝ፣ ብዙ የባሕር ንግድ ውሎች በሕጓ የሚዳኙባት አገር፣ ኤሌክትሮኒክ ሰነድ እንደ ወረቀት «በእጅ ሊያዝ» እንደሚችል የሚቀበል አዋጅ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። በዚያው ዓመት ዘጠኝ ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች እስከ 2030 ቢኤልን ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ ለማድረግ ቃል ገቡ። በ2021 ከመቶ ሁለቱ እንኳ ኤሌክትሮኒክ አልነበረም፤ ቃሉ ትልቅ ነው።

የእኛ የባሕር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ሰነድ ሲል ወረቀት ማለቱ ነው። አገር ውስጥ ላለው ሥራ ግን ብሎክቼይን ያስፈልገናል ብዬ አልከራከርም። በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ተራ የመረጃ ቋት ይበቃዋል፤ ጉምሩክ አንድ ነውና። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴርና አይኦኤችኬ የተባለው የብሎክቼይን ኩባንያ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ለመመዝገብ መስማማታቸው ሲነገርም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፦ ራሱ ጽፎ ራሱ የሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት እማኝ የሚቆጥረው ለማን ነው? እማኝ የሚያሻው ድንበር ሲታለፍ ነው፤ የቻይና ሻጭ፣ የአዲስ አበባ ባንክ፣ የጅቡቲ ወደብና መርከቡ አንዱ የሌላውን መዝገብ በማያምኑበት ቦታ።

እማኝ ደግሞ የሚያውቀው ፊርማውን ነው፤ የቦታውን ካሬ አልለካም። ብሎክቼይንም ኮንቴይነሩ ውስጥ አላየም። አዲስ ሞተር ተብሎ የተመዘገበ፣ ሰበታ ደርሶ ማሸጊያው ሲቆረጥ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሆኖ ቢገኝ፣ መዝገቡ ውሸቱን ሳይፋቅ አኑሮታል ማለት ነው።

እስከዚያው ነጋዴው የራሱን አቋራጭ ይዟል። ሻጩ ገንዘቡን አስቀድሞ ከተቀበለ ኦሪጅናሎቹን እዚያው ለመርከብ ድርጅቱ ይመልስና ዕቃው ያለ ወረቀት እንዲለቀቅ መልእክት ይተላለፋል። በኤልሲ ለሚገዛ ይህ አይሆንም፤ ባንኩ መያዣ ያጣል። ለሌላው ግን መልእክቱ በኢሜይል ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ትራንዚተሩም አስመጪውም ዛሬም የሚጠሩት «ቴሌክስ ሪሊዝ» እያሉ ነው።