ግሪንሃውስ ውስጥ ሴንሰሩን የት እንስቀለው?

ከካምፕ የመውጫ ፈቃድ አግኝቼ ለሕክምና ናይሮቢ የመጣሁት በሐምሌ ብርድ ነው። ያሳረፈኝ የሀገሬ ልጅ ከከተማው ዳር በእቁብ ብር የሠራት ትንሽ ግሪንሃውስ አለችው፤ ቲማቲም ያለማባታል። ስደርስ ግማሹ በግራጫ ሻጋታ ተበልቷል። «ሴንሰሩ እርጥበቱ 55 ነው እያለኝ እንዴት ይበሰብሳል? አንተ ሳይንስ አስተማሪ አይደለህ?» አለኝ። ያስጨነቀው የእቁቡ ዕዳ ነው።

ገብቼ ሳይ ሴንሰሩ ጣራው ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ተሰቅሏል። ቁጥሩንም የሚያነበው ቀትር ላይ ብቻ ነው።

ሴንሰር የሚነግረን አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ስንት በመቶውን እንደያዘ ነው። ሞቃት አየር ብዙ ተን ይይዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። ስለዚህ ቀን 30 ዲግሪና 50 በመቶ የነበረ አየር፣ አንድ ጠብታ ሳይጨመርበት፣ ሌሊት ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ መቶ በመቶ ጢም ይላል። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ትርፉ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ይሆናል። ሻጋታ የሚወደው ይህንኑ ነው። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የሐምሌ ሌሊቷ ከ18 በታች ነው። ወዳጄ ደግሞ የሚያጠጣው ማታ ማታ ነበር!

ሴንሰሩን በቲማቲሙ ቁመት ልክ አወረድነው። ነጭ የፕላስቲክ ሳህኖች ገልብጠን፣ በመሃላቸው አየር እንዲገባ ክፍተት ትተን ደራረብንና ጥላ ሠራንለት። ፀሐይ የነካው ሴንሰር የሚለካው የራሱን ሙቀት እንጂ የአየሩን አይደለም፤ እርጥበቱንም አሳንሶ ያሳያል።

ሴንሰሩ ራሱ ቢዋሽስ? የወጥ ቤት ጨው ይፈትነዋል። በትንሽ ክዳን ጨው አድርጉና ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ እርጥብ አሸዋ ይምሰል እንጂ አይሟሟ። ጨው ሳይነካው ከሴንሰሩ ጋር በጠርሙስ ዝጉት፣ ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ በፕላስተር ድፈኑ፣ ቤት ውስጥ ይደር። ጠዋት 75 በመቶ ገደማ ማሳየት አለበት። የእኛ 70 አለ፤ ስለዚህ 5 እየደመርን ማንበብ ጀመርን።

በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ባትሪ ይዘን ገባን። ሴንሰሩ 92 ይላል፣ ሲደመር 97። ቅጠሉን በእጄ ስዳስስ ረጥቧል። ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየ።

አሁን የሚያጠጣው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሳይገባ የጎን መጋረጃውን ከፍቶ የታፈነውን አየር ያስወጣል፣ የታመመውን ቅጠል ለቅሞ ያቃጥላል። የበሰበሰው አይመለስም፤ የቀረውን ግን እየጠበቀ ነው።

ሴንሰር ለመግዛት ናይሮቢ ውስጥ ሉቱሊ ጎዳና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሞልቷል። ሰማያዊው ዲኤችቲ 11 ርካሽ ነው፤ በእርጥበት 5 በመቶ፣ በሙቀት 2 ዲግሪ ሊስት ይችላል፣ ከ90 በላይ ደግሞ ባታምኑት ይሻላል። ነጩ ዲኤችቲ 22 በሙቀት የሚስተው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ካኩማ ላላችሁ የሚያሳስባችሁ ሌላው ቁጥር ነው። ሙቀቱ ከ35 ሲያልፍ የቲማቲም አበባ ይረግፋል፤ እዚያ ከጤዛው ይልቅ ቀትሩን ተከታተሉ። እኔም ፈቃዴ ሳያልቅ ለተማሪዎቼ አንድ ሰማያዊ ገዝቼ እመለሳለሁ። ጨውማ ካምፕም አለ።