ሁለተኛዋ ላም ወደ ግቢ ከመግባቷ በፊት

ሆለታ፣ ሰንዳፋ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ቢሾፍቱ አካባቢ አንድ የወተት ላም ያለው ቤተሰብ ሁለተኛ ለመጨመር የሚያስበው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዋ ስትነጥፍ ነው። እርጉዝ ላም ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል መታለብ ማቆም አለባት። በዚያ ጊዜ ልጆች ወተት ያጣሉ፣ ደንበኛም ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ሁለት ላሞች እየተፈራረቁ ቢወልዱ ግን ቤቱ ወተት አያጣም። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። መጀመሪያ ላም ይገዛና ድርቆሹ፣ ማደሪያውና ምርመራው ከኋላ ይፈለጋል። ላሟ መምጣት ያለባት ሁሉም ከተሟላ በኋላ ነው።

መኖን እናስቀድም። 400 ኪሎ የምትመዝን የተዳቀለች ላም ድርቆሹ፣ ፉርሽካውና ፋጉሎው ተደምሮ በቀን 12 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። በዓመት ሲታሰብ ከ40 ኩንታል ይበልጣል። የጤፍ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ወተት አይሆንም። ድርቆሽ በርከት ብሎ የሚገኘው ሣር በሚታጨድበት በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ሰኔ ላይ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ስለዚህ ላም ለመጨመር ያሰበ ሰው ብሩን ይዞ ወደ ከብት ገበያ ከመውጣቱ በፊት ድርቆሹን ገዝቶ፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ ይከምር። የኑግ ፋጉሎ ሲገዙ አሽትተው፣ ፈርፍረው ይዩት። በሻገተ ፋጉሎ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በላሟ በኩል አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ውሃውንም አይርሱ። በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከመኖው ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ምን ዓይነት ላም? የሀበሻ ላም በአብዛኛው በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ትሰጣለች፤ ነገር ግን ጥቂት በልታ ብዙ በሽታ ትችላለች። የፈረንጅ ደሟ የበዛ ላም ወተቷ ብዙ ነው፣ መኖዋም ሐኪሟም እንዲሁ። ለቤተሰብ የምትሆነው በእኔ ፍርድ በመካከል ያለችው፣ ግማሽ ደም የተዳቀለችው ናት። ሻጭ የሚጠራውን የሊትር ቁጥር ብዙ ባይሰሙት ይሻላል። ገበያ የምትወጣ ላም አንድ ጊዜ ሳትታለብ ከዋለች ወይም ካደረች ግቷ ተወጥሮ ይታያል፤ ይህን ዘዴ የማያውቅ ደላላ የለም። ከሻጩ ቤት ሄደው የማታውንም የጠዋቱንም አለባ ቆመው ይዩ። አራቱም ጡቶቿ ወተት ይስጡ፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቁር ጨርቅ ላይ ያሳልቡና ጓል ወይም ደም እንደሌለበት ያረጋግጡ። ጥርሷንም ይመልከቱ፤ ስምንቱም የፊት ጥርሶቿ ተተክተው ካለቁ ወደ አምስት ዓመት ተጠግታለች፣ ከተፋፋቁ ደግሞ አርጅታለች።

እርጉዝ ከሆነች የተጠቃችበትን ወይም የተዳቀለችበትን ቀን ይጠይቁ። እርግዝናው 280 ቀን ገደማ ስለሆነ የምትወልድበት ጊዜ ከዚያ ይሰላል። ቤትዎ ያለችው ላም በምትወልድበት ወር የምትወልድ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይነጥፋሉ፤ ላም ጨምረውም ወተት ሊያጡ ነው። የአምስትና የስድስት ወር ልዩነት ይፈልጉ። ወተት ለመሸጥ ላሰበ ሰው ጾሙም በሒሳቡ ውስጥ ይግባ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፣ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ይሻማል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የተጠቃች ላም ሚያዝያ ውስጥ ትወልዳለች። ለመውለድ ሳምንታት የቀሯትን ላም ግን አይሱዙ ላይ ጭኖ ረጅም መንገድ ማምጣት ለእርሷም ለጥጃዋም አደጋ ነው።

ገዢዎች የሚዘሉት ትልቁ ነገር ምርመራ ነው። የከብት ሳንባ ነቀርሳም ሆነ ብሩሴሎሲስ የተባለው የውርጃ በሽታ ላሟ ፊት ላይ አይነበብም፤ አምራ፣ ወፍራ፣ ጥሩ እየታለበች ልትይዛቸው ትችላለች። ሁለቱም ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ለነቀርሳው የእንስሳት ሐኪም አንገቷ ቆዳ ላይ መርፌ ይወጋና ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱን ይለካል፤ ለውርጃው ደም ይወሰዳል። ቀብድ ከፍለው ውጤቱን ይጠብቁ። ሦስት ቀን አልጠብቅም የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ላሟን ይተዉለት። ንጹሕ ናት ተብላ ብትመጣም ወተቱ ይፈላ።

እንግዳ ከብት ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል አገራችን በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን የተባለውን ረሀብ ካመጡት ነገሮች አንዱ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የተዛመተው ደስታ የተባለ የከብት በሽታ ነበር፤ በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ። ደስታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የአፍና እግር በሽታ፣ የቆዳ ጉርብርብ፣ አባ ሰንጋ ግን ዛሬም አሉ። ስለዚህ ክትባቷን አስጨርሰው፣ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ለብቻዋ ያቆዩአት። ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ከብት የሌለው ዘመድ ግቢ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘ ቢያንስ በግቢው ሌላ ጫፍ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ በማይገናኙበት ርቀት ትታሰር። ባልዲዋና የመኖ ገንዳዋ የራሷ ይሁኑ። ሁልጊዜ ነባሯ ላም ትቅደም፣ አዲሷ ከእርሷ በኋላ ትታለብ፤ አላቢውም እጁን ይታጠብ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተቷ ቢቀንስ ተታለልኩ ብለው አይደንግጡ። ወተት የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ላሟ ስትፈራ ይታፈናል። ብዙ የሀበሻና የተዳቀሉ ላሞች ደግሞ ጥጃቸው አጠገባቸው ከሌለች ወተታቸውን ይይዛሉ፤ ስለዚህ ጥጃዋን አብረው ይግዙ። በየትኛው ጎኗ እንደምትታለብ፣ ማን እንደሚያልባት፣ ስንት ሰዓት እንደለመደች ሻጩን ጠይቀው ያንኑ ይከተሉ። ትበላው ከነበረው መኖ ለጥቂት ቀን የሚሆን ይዘው ይምጡና በአዲሱ እየቀላቀሉ በአሥር ቀን ውስጥ ያሸጋግሯት። በአንድ ጊዜ ፉርሽካ ወይም የቢራ አተላ ማብዛት ሆዷን ይነፋታል፣ ሊገድላትም ይችላል።

ከነባሯ ጋር የሚያገናኟት ገንዳ ላይ ሳይሆን ሰፋ ባለ፣ በማያዳልጥ ቦታ ነው። ይዋጋሉ፤ የበላይና የበታች እስኪለይ ጥቂት ቀን መገፋፋታቸው አይቀርም። ቀንዳቸው ረጅም ከሆነ ወይም አንዷ ልትወልድ ከተቃረበች ለይቶ ማሰሩ ይሻላል። ሁለት ገንዳ አራርቆ ማስቀመጥ ግን ለሁሉም የግድ ነው፤ አንድ ገንዳ ካለ የበላይዋ ትጠግባለች፣ ሌላዋ ትከሳለች፣ እርስዎም ምክንያቱን በሽታ ውስጥ ሲፈልጉ ይከርማሉ።

ላም መፈለግ ከመጀመርዎ በፊት በቀበሌዎ ወይም በወረዳዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ የነቀርሳና የውርጃ ምርመራ የሚሠራበትን ቀን ይጠይቁ፤ እዚያ የማይሠራ ከሆነ የት እንደሚሠራ ይንገሩዎት። የግዢውን ቀን ከዚያ በኋላ ይቁረጡ።