ተረት ነጋሪው አባባ ተስፋዬ

ተረት በቀድሞ ጊዜ የሚነገረው ማታ፣ ምድጃ ዳር ነበር። ጦጣና ጅብ እንደ ሰው ሲነጋገሩ ልጆች የሚሰሙት ከአያታቸው አንደበት ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የገባ ቤተሰብ ግን ብዙውን ጊዜ አያትን ትቶ ይመጣል፤ ተረቱም አብሮ ይቀራል።

ይህን ጉድለት ለበርካታ ልጆች የሞሉት ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወለዱ። በመጀመሪያ የታወቁት በተዋናይነት ነው። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን እንደ ሴት ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። ስለዚህ ድምፅንና ሁኔታን እየለዋወጡ አንድን ተረት ሕያው ማድረግ ለእርሳቸው እንግዳ ሥራ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የልጆችን ዝግጅት ይዘው ለአርባ ዓመታት ያህል ተረት ነገሩ፤ በመጻሕፍትም አሳተሙ። ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ ከጎረቤት ሄዶ ያያቸው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾቻቸው ራሳቸው ለአያትነት ደርሰው ነበር።