ሮቦት መጥረጊያ ለደብረ ማርቆስ ቤት

ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ዋናው ምክክሩ ወለሉ ላይ ነው፤ ሊሾ ይሁን ወይስ ሴራሚክ? ቀለም ቢቆይ ችግር የለም። ወለል ግን በየቀኑ ይጠረጋል፣ ይወለወላል፤ ያንን የሚሠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእናት፣ የልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ወገብ ነው። አሁን አሁን በዚህ ምክክር መሐል ሌላ ጉዳይ ብቅ ማለት ጀምሯል። ውጭ አገር ያለ ወንድም ለበዓል ሊመጣ ሲሰናዳ «ምን ላምጣላችሁ?» ይላል፤ ከቤቱ ልጆች አንዷ ራሱ እየዞረ የሚጠርግና የሚወለውል ክብ ማሽን በስልኳ ታሳያለች። ማስታወቂያው ላይ ወለሉ መስታወት ይመስላል፤ መብራት አይጠፋም፣ ጭቃ የለም፣ ውሃ በፈረቃ አይመጣም።

ማሽኑን እደግፋለሁ። አጎንብሶ መጥረግ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ደረቅ ወለል በመጥረጊያ ሲመታ የሚነሣው አቧራም መልሶ የሚገባው በጠራጊዋ ሳንባ ነው። ውሃ አርከፍክፎ የመጥረግ ልማድ የመጣውም ከዚሁ ነው። ግን ምርጫው ከስልኩ ሳይሆን ከወለሉ ይጀምር እላለሁ። ለእኛ ደጋ የሚበጀው መቶ ነገር የሚችለው ማሽን ሳይሆን፣ ጥቂት ነገር ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ቧንቧና ያለ ልዩ ዕቃ የሚሠራው ነው።

አሠራሩን እንይ። ሮቦት መጥረጊያ ስፋቱ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዝቅ ያለ ክብ ማሽን ነው። በጎኑ ያለች ትንሽ ብሩሽ ከግድግዳ ሥር ያለውን ቆሻሻ ወደ መሐል ትገፋለች፤ ከሆዱ ሥር የሚሽከረከረው ዋናው ብሩሽ ያነሣዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ አየር እየሳበ ወደ ትንሽ ማጠራቀሚያ ያስገባዋል። አየሩ ተመልሶ የሚወጣው በፊልተር አልፎ ስለሆነ አቧራው እዚያው ይቀራል። የሚወለውል ከሆነ ከኋላው እርጥብ ጨርቅ አለው፤ ርካሹ ጨርቁን ዝም ብሎ ይጎትታል፣ ሻል ያለው እያንቀጠቀጠ ወይም ሁለት ክብ ጨርቆችን እያሽከረከረ ወለሉን ይፈትጋል። ሥራውን ሲጨርስ ወደ ማረፊያው ተመልሶ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል።

ማሽኑ አዲስ አይደለም፤ የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ «ትሪሎባይት» የተባለውን ሮቦት መጥረጊያ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። በዓመቱ የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የመሠረቱት አይሮቦት «ሩምባ»ን አመጣና ስሙ በዓለም ተሰማ። የዚያን ጊዜው ሩምባ ቤቱን አያውቀውም ነበር፤ ሄዶ ይጋጫል፣ ዞሮ ሌላ ቦታ ይጋጫል፣ አንዱን ጥግ ሦስት ጊዜ ጠርጎ ሌላውን ይዘለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒያቶ የተባለ ድርጅት የሚሽከረከር ሌዘር አናቱ ላይ የገጠመ ማሽን ሸጠ፤ በ2016 የቻይናው ሻኦሚ ይህንኑ ዓይነት በርካሽ አቀረበ። ሌዘሩ፣ ላይዳር የሚሉት፣ በየአቅጣጫው ጨረር እየላከ ግድግዳውን፣ ሶፋውንና የጠረጴዛውን እግር ይለካል፤ ከዚያ የቤቱን ካርታ ሠርቶ ልክ ገበሬ ትልም በትልም እንደሚያርስ መስመር ይዞ ይጠርጋል። በካሜራ የሚመሩም አሉ። እኔ የምመርጠው ላይዳሩን ነው፤ ምክንያቱም ካሜራ ብርሃን ይፈልጋል፣ ላይዳር ግን ማታ መብራት ሲጠፋም መንገዱን አይስትም። በሰው ጓዳ ካሜራ ይዞ የሚዞር ዕቃ አለመኖሩም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ወለሉ እንመለስ። በእበት የተለቀለቀ የአፈር ወለል ላይ ሮቦት አይገባም። ብሩሹና ሳቢው አቧራውን ሲያነሡ ልቅለቃውን ራሱን ይበሉታል፤ ማጠራቀሚያው በደቂቃዎች ይሞላል፣ እርጥቡ ጨርቅ ደግሞ ወለሉን ጭቃ ያደርገዋል። ያ ወለል የራሱ እንክብካቤ አለው፤ ውሃ ርጭት አድርጎ በሣር መጥረጊያ መጥረግና በየጊዜው መለቅለቅ። ሊሾ ከሆነ፣ በደንብ ተለስልሶ ካልተሰነጠቀ፣ ለሮቦት ይመቻል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ ማሽኑ ከደረጃ እንዳይወድቅ ከሆዱ ሥር ወደ ወለሉ ጨረር የሚልኩ ሴንሰሮች አሉት፤ ጨረሩ ካልተመለሰ ገደል ነው ብሎ ያፈገፍጋል። በጣም ጥቁር ቀለም ያለው ወለል ወይም ጥቁር ጌጥ ያለበት ምንጣፍ ጨረሩን ስለሚውጠው ሮቦቱ ደልዳላ ሳሎን ውስጥ ቆሞ አልሄድም ሊል ይችላል። በኪራይ ቤቶች የሚነጠፈው ፕላስቲክ ምንጣፍ ጠርዙ ከተነሣ ማሽኑ ከሥሩ ይገባና ይታሰራል፤ ጠርዙን በሙጫ ማጣበቅ ይበቃል። ከሁሉም የሚቀለው ሴራሚክ ነው።

ደፉም መለካት አለበት። አብዛኞቹ ማሽኖች የሚወጡት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በእኛ ቤቶች የበሩ ደፍ ከዚያ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ማድ ቤቱና ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ተለይተው ግቢ ውስጥ ስለሚሠሩ ደግሞ፣ ይበልጥ የሚቆሽሸውን ክፍል ሮቦቱ ጭራሽ አያየውም። ከመግዛት በፊት በሜትር መለኪያ ደፎቹን፣ የሶፋውንና የአልጋውን ሥር መለካት ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራል። አልጋ ሥር የሚገባ ማሽን ደግሞ ትልቁ ጥቅሙ እዚያ ነው፤ በመጥረጊያ የማይደረስበት፣ ቁንጫም የሚራባበት ቦታ ነው።

ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ፓስካል ነው፤ 5,000፣ 10,000፣ አንዳንዱ ከ20,000 በላይ ይላል። ይህ የመሳብ ኃይሉ ነው፤ ግን ቁጥሩ ለቆላውና ለባሕር ዳርቻው አየር የሚሠራ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚጨብጠው አየር ቀጭን ስለሆነ 5,000 የተባለው እዚህ 4,000 ገደማ ይሆናል፤ ወደ ጮቄ በወጣን ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ለሊሾና ለሴራሚክ ይህም ይበቃል። ወፍራም ምንጣፍ ያለበት ቤት ግን ከፍ ያለውን ቁጥር ቢመርጥ አይሳሳትም።

መወልወሉ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር። የበጋው አቧራ ለሮቦቱ ሥራው ነው፤ ጠዋት ጠርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ አልፎበት ወለሉን ያሳምረዋል። ክረምቱ ግን ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በጫማ የሚገባው ቀይ አፈርና ዋልካ ሮቦቱን ያሸንፈዋል። እርጥብ ጭቃ ብሩሹ ላይ ይለጠፋል፣ ወደ መሳቢያው ከገባ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ይደርቃል፣ ፊልተሩን ይደፍናል። ጨርቁም ጭቃውን ከበሩ አንሥቶ እስከ መኝታ ቤት ይቀባዋል። ስለዚህ ጫማ በረንዳ ላይ ማውለቅ ግድ ነው፤ የመጣው ጭቃም ደርቆ በእጅ ይነሣል ወይም በመወልወያ ይታጠባል፤ ሮቦቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምት ላይ ማሽኑ እጅን ያግዛል እንጂ አይተካም፤ የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ለመቀነስ ብሎ የሚገዛው ሰው ካለ ሐምሌ ሲገባ ስሌቱ ይፈርስበታል።

ቡና የሚፈላበት ሳሎን የራሱ ጥንቃቄ አለው። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጠማ ረጅምና እርጥብ ስለሆነ ብሩሹ ላይ ተጠምጥሞ ማሽኑን ያቆመዋል፤ ያን ቀን ሮቦቱ ይረፍ፣ ቄጠማው ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ፈንዲሻውንና ብናኙን ይልቀም። ከከሰል ማንደጃው የሚረግፈው አመድ ልም ስለሆነ ፊልተሩን ቶሎ ይደፍናል፤ ፍም ያለበት ከሆነማ ወረቀትና ጠጉር በሞላበት ማጠራቀሚያ ውስጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ማንደጃ ባለበት ሰዓት ሮቦት አይለቀቅም።

መብራቱን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚፈራው ይልቅ ነገሩ ቀላል ነው። የብዙ ሮቦቶች ባትሪ 14.4 ቮልት በ5,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህ 75 ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በ2 ደቂቃ ከሚፈጀው አይበልጥም። ማሽኑ እየሠራ ሳለ መብራት ቢጠፋ አይቆምም፤ የሚቸገረው ሲመለስ ነው፤ ማረፊያው ወደ እሱ የሚጠራበት የኢንፍራሬድ ጨረር አብሮ ስለሚጠፋ አጠገቡ ደርሶ መግባት ያቅተዋል። አንሥቶ ማስቀመጥ ነው።

ውዱ ማረፊያ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዛሬ በጣም የሚወደሱት ማሽኖች ቆሻሻውን ራሱ የሚገለብጥ፣ ጨርቁን በሙቅ ውሃ የሚያጥብና በሞቀ አየር የሚያደርቅ ትልቅ ማረፊያ አላቸው። ውሃ ማሞቂያው ብቻውን ብዙ ኃይል ይስባል፤ ንጹሕ ውሃ የሚይዘው ጋኑ 4 ሊትር ገደማ ነው፤ ውሃ በጀሪካን በሚጠራቀምበት ቤት ይህ በየጊዜው የሚሞላና የሚደፋ ሌላ ሥራ ነው። ቆሻሻ የሚገለበጥበት ከረጢትም አንዴ ተሞልቶ የሚጣል ነው፤ እዚህ ሲያልቅ የት ይገኛል? ጨርቁ በእጅ የሚታጠብ፣ ማጠራቀሚያው በእጅ የሚደፋ ተራ ማረፊያ ያለው ማሽን ለደብረ ማርቆስ ቤት ይሻላል። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። የተራው ማረፊያ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ራሱ የሚገለብጠው ማረፊያ ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ሞተር ስላለው በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት አይገባም። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣው በዚህ በኩል አያሳስብም።

ስማርት ቤት የሚባለው ነገር፣ አምፖሉም በሩም ሮቦቱም በአንድ ስልክ የሚታዘዝበት፣ እዚህ የሚቆመው በኢንተርኔቱ ልክ ነው። የድምፅ ረዳቷ አሌክሳ አማርኛ አትሰማም፤ ስለዚህ በድምፅ ማዘዙ ለአያት የሚሆን አይደለም። አብዛኛው ሮቦት መጀመሪያ ሲከፈት አካውንትና ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ዋይፋዩም 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ግን አናቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ በመጫን ብቻ ቤቱን ሙሉ የሚጠርግ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ያየ ሰው ይህን ጥንቃቄ አያንቋሽሸውም። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ላይዳርን ያመጣው ኒያቶ በ2023 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ በኋላም ማሽኖቹን ከስልክ ጋር ያገናኝ የነበረው አገልግሎት ሲቋረጥ የብዙ አገር ሰዎች ሮቦት በቁልፍ ብቻ የሚታዘዝ ሆነ። አይሮቦትም በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ከ2023 ወዲህ ሮቦት መጥረጊያን የሚቀበለው «ማተር» የተባለው የጋራ ደንብ ዕቃዎች በቤት ውስጥ ባለው ኔትወርክ ብቻ እንዲነጋገሩ ያስችላል፤ ሁለት እኩል ማሽኖች ካሉ ይህ ምልክት ያለበትን መምረጥ ነው።

ማሽኑ የሚያረጀው በሞተሩ ሳይሆን በጠጉርና በክር ነው። ገልብጦ የብሩሹን ሽፋን ጫን ሲያደርጉት ይከፈታል፤ ብሩሹ ይነቀላል። ጫፉ ላይ ያለችው ክዳን ስትወጣ የሴት ልጅ ጠጉር ከነጠላ ዘርፍ ክርና ከፈትል ጋር ተገምዶ ደረቅ ቀለበት ሠርቶ ይገኛል። በጣት አይላቀቅም፤ በምላጭ ተሰንጥቆ ይወጣል። ይህ በየሳምንቱ ካልተደረገ ብሩሹ ሙቀት አንሥቶ ፕላስቲኩን ሊያቀልጥ ይችላል። ጥጥ የሚፈተልበት ቤት በሁለትና በሦስት ቀን ያየው። ፊልተሩ የሚታጠብ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይገጠምም፤ በእኛ ክረምት ደግሞ አንድ ቀን አይበቃውም። ሁለት ፊልተር ያለው ሰው አንዱ ሲደርቅ በሌላው ይሠራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ብዙ ስለጨመረ፣ መለዋወጫ አብሮ ያልመጣለት ማሽን ተመልሶ ጥግ የሚይዝ ዕቃ ነው። ዘመድ «ምን ላምጣ?» ሲል እንግዲህ መልሱ ከማሽኑ ስም በፊት የወለሉ ፎቶና የደፉ ልክ ይሁን። ከዚያ ተራ ማረፊያ ያለው፣ በላይዳር የሚሄድ፣ በቁልፍ የሚነሣ አንድ ማሽን፤ አብሮት ትርፍ ፊልተር፣ የጎን ብሩሾች፣ አራት ያህል ጨርቅና አንድ ተጨማሪ ባትሪ። ከ100 ዋት ሰዓት በታች የሆነ ባትሪ በአውሮፕላን ይፈቀዳል፤ ማሽኑ ውስጥ የተገጠመው ጠፍቶ ሻንጣ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ትርፉ ግን ጫፎቹ ተሸፍነው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚያዘው። አምጪው ከመነሣቱ በፊት ማሽኑን እዚያው ቤቱ አንድ ጊዜ ያስነሣው፣ ሶፍትዌሩንም ያድሰው።