ክሪክ ያነሣል፣ መደገፊያ ይሸከማል፦ ተሽከርካሪን በግቢ ውስጥ አንሥቶ ስለ መጠገን

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላና በአማራ ሳይንት ወረዳዎች የሚመላለሱ ተሽከርካሪዎች ዳገቱና ቁልቁለቱ፣ ጠጠሩና ጭቃው ፍሬናቸውን፣ ጎማቸውንና ባሌስትራቸውን ፈጥኖ ይጎዳባቸዋል። ለትንሹም ለትልቁም ብልሽት ደሴ ድረስ መሄድ ጊዜና ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ብዙ ጥገና በባለቤቱ ግቢ፣ አንዳንዴም በደብሩ የመኪና ማቆሚያ ይፈጸማል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያስፈራው አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ፣ “አንዲት ብሎን ብቻ አጥብቄ ልውጣ” ብሎ ከሥሩ መግባት ነው። አንድ ላንድክሩዘር ያለ ጭነቱ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ይህ ክብደት በሰው ደረት ላይ ሲወርድ ለጩኸት እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

ክሪክ ለምን አይታመንም?

ክሪክ የተሠራው ለማንሣት እንጂ ተሸክሞ ለመቆየት አይደለም። በዘይት የሚሠራው ክሪክ መኪናውን የሚይዘው በውስጡ በታመቀ ዘይት ኃይል ነው። ዘይቱን የሚያግደው ጎማ ካረጀ፣ ወይም በመዝጊያው ውስጥ ጥቂት ቆሻሻ ከገባ፣ ዘይቱ ሾልኮ ክሪኩ ይወርዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በድንገት። በጠመዝማዛ ብረት የሚሠራው ክሪክ ዘይት ባይኖረውም መቀመጫው ጠባብ ስለ ሆነ መኪናው ጥቂት ሲንቀሳቀስ አብሮ ያጋድላል። መደገፊያ የምንለው ግን ሦስት ወይም አራት የተንሰራፉ እግሮች ያሉት፣ ቁመቱ በወፍራም ካስማ ወይም በጥርስ የሚወሰን የብረት ማቆሚያ ነው። በውስጡ የሚሾልክ ነገር የለውም፤ ክብደቱን በቀጥታ ወደ መሬት ያስተላልፋል። ከዚህ የተነሣ ሕጉ አጭር ነው፤ በመደገፊያ ላይ ካልተቀመጠ መኪና ሥር ማንም ሰው አይገባም፤ ክንዱንም ሆነ ጭንቅላቱን አያስገባም።

የእጅ ፍሬን የማይጠብቅበት ጊዜ

ብዙዎች የእጅ ፍሬን ከተያዘ መኪናው አይንቀሳቀስም ብለው ያምናሉ። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ የኋላው ክፍል ከመሬት ሲነሣ ፍሬኑ የሚይዘው መሬት የለውም። በቆዩ የላንድሮቨር ሞዴሎችና በብዙ የአይሱዙ ኤን.ፒ.አር. የጭነት መኪኖች ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ጎማዎቹን ሳይሆን ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ይይዛል። በእነዚህ ላይ አንድ የኋላ ጎማ ብቻ እንኳ ከመሬት ቢለቅ፣ የተነሣው ጎማ በዲፈረንሻሉ ምክንያት በነጻ ይዞራል፤ መሬት ላይ ያለውም ጎማ ይንከባለላል። ማርሽ ውስጥ ማስገባትም በዚህ ጊዜ አያድንም። ስለዚህ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ሁሉ ከፊትም ከኋላም በጠንካራ ታኮ መታገድ አለባቸው።

መሬቱና መደገፊያው

የአካባቢያችን ዋልካ አፈር በበጋ ድንጋይ መስሎ ይጠነክራል፤ በክረምት ግን የመደገፊያው እግር እንደ ችካል ይሰምጥበታል። ተዳፋትም ሌላው ጠላት ነው። የሚመረጠው ደልዳላና በሲሚንቶ የተሠራ ወለል ነው፤ ከሌለ በደረቅና በተስተካከለ መሬት ላይ ከእያንዳንዱ መደገፊያ ሥር ከእግሮቹ የሚሰፋ ወፍራም ሳንቃ ይነጠፋል።

በድንጋይ ካብ መደገፍ ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ይፈነቀላልም። ብሎኬትና ሸክላ ጡብ ደግሞ ምንም ምልክት ሳያሳዩ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳሉ። ድቡልቡል የባሕር ዛፍ ግንድ ይንከባለላል፤ አቁመው ቢጠቀሙበትም ይሰነጠቃል። የብረት መደገፊያ እስኪገዛ ድረስ በእንጨት መሥራት ግድ ከሆነ፣ አራት ማዕዘን ሆነው የተሰነጠቁ ጤናማና ደረቅ ወፍራም እንጨቶች አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ እየተሻገረ ይደረደራሉ፤ የድርድሩም ቁመት ከስፋቱ መብለጥ የለበትም።

መደገፊያ ሲገዛ የሚሸከመው ክብደት የተጻፈበት ይሁን። በአንዳንዱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለአንዱ ሳይሆን ለጥንዱ መሆኑንም ማስተዋል ያስፈልጋል። አዲስ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2020) በአሜሪካ አንድ ትልቅ የመሣሪያ ሻጭ፣ ጥርሳቸው በሚገባ ስለማይነክስ ከ1 ሚሊዮን በላይ መደገፊያዎችን ከገበያ ሰብስቧል። በመሆኑም ካስማው ወይም ጥርሱ እስከ መጨረሻው መግባቱን፣ ብየዳው አለመሰንጠቁን፣ እግሮቹ አለመጣመማቸውን በየጊዜው ማየት ይገባል።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፤ ጭነትም ይራገፋል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ መኪናው አንደኛ ማርሽ ውስጥ ይገባል፤ ቁልፉም ተነቅሎ በሚሠራው ሰው ኪስ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ ታኮ ይደረጋል። ጎማ የሚፈታ ከሆነ ብሎኖቹ መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ በጥቂቱ ይላላሉ፤ ከተነሣ በኋላ በኃይል መታገል መኪናውን ይገፋዋልና።

ሦስተኛ፣ ክሪኩ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ባመለከተው ቦታ ገብቶ መኪናው ለሥራው በሚበቃ ከፍታ ብቻ ይነሣል።

አራተኛ፣ ሁለቱ መደገፊያዎች በእኩል ቁመት በግራና በቀኝ ይገባሉ። ሻንሲ ባላቸው መኪኖች የሚቀመጡት በሻንሲው ወይም በአክሱሉ ሥር ነው። ሻንሲ በሌላቸው ትንንሽ መኪኖች ደግሞ ከፊት ጎማ ኋላና ከኋላ ጎማ ፊት ባለው የተጠናከረ ጠርዝ ይቀመጣሉ። የሞተር ዘይት መያዣ፣ ካምቢዮ፣ ሰልባትዮና ስስ የወለል ቆርቆሮ ክብደት አይችሉም።

አምስተኛ፣ ክሪኩ ቀስ ብሎ ይለቀቃል፤ የመደገፊያዎቹ እግሮች ሁሉ መሬት መርገጣቸው ይታያል። ከዚያም ማንም ከመግባቱ በፊት መኪናው ከጎን በእጅ ይነቀነቃል። ከተወዛወዘ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። የሚወድቅ ከሆነ ሰው በሥሩ ሳይኖር ይውደቅ።

ስድስተኛ፣ ክሪኩ ሻንሲውን እንዲነካ ሆኖ በቦታው ይቆያል፤ የተፈታው ጎማም በመኪናው ጎን ሥር ይጋደማል። መደገፊያው ቢከዳ እንኳ ጎማው ለሰው የሚሆን ክፍተት ያስቀራል። መኪናው በተነሣበት ሁኔታ ሞተር አይነሣም፤ ሕፃናት አይቀርቡም፤ የሚሠራውም ሰው ብቻውን አይሁን።

ሲጨርሱም እንዲሁ በጥንቃቄ ነው። ከሥር ሰውም ዕቃም አለመኖሩ ተረጋግጦ መኪናው በክሪክ ጥቂት ይነሣል፤ መደገፊያዎቹ ይወጣሉ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከሰገነቱ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ያዛል። መኪና የሚጠገንበት ግቢ ባለቤትም ይኸው ኃላፊነት አለበት። ወጣቱ የሚጠቀመው በእጁ ባገኘው ነው፤ መደገፊያ ከሌለ ድንጋይ ይደረድራል።

ስለዚህ መኪና ያለው ወይም በግቢው መኪና የሚጠገንበት ደብር አራት ነገር ቢወስን ይበቃዋል፦ ጥቂት ካሬ ሜትር ደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ማዘጋጀት፤ አንድ ጥንድ መደገፊያና አራት ታኮ ገዝቶ በንብረት መዝገብ ማስፈር፤ “በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው” የሚል ጽሑፍ በጉልህ መለጠፍ፤ መሣሪያውንም ለሚጠይቅ ምእመን በፊርማ ማዋስ። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ተግባራዊ የሚሆነውም ከሚቀጥለው ጥገና በፊት ይሁን።