ምልክቱ ለምን ይገለበጣል?

ዛሬ ስለ ሒሳብ እንነጋገራለን። «ኢማምን ከሒሳብ ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

በቅርቡ አንድ አባት የልጃቸውን የፈተና ወረቀት ይዘው ከሶላት በኋላ ጠበቁኝ። «ኡስታዝ፣ ያስጠናኋት እኔው ነኝ። እንዳስጠናኋት ሠርታ ኤክስ ተደረገባት። እሷ አለቀሰች፣ እኔም አፈርኩ» አሉኝ። ጥያቄው «ከ10 ላይ የሀ ሁለት እጥፍ ሲቀነስ ውጤቱ ከ4 የሚበልጠው ሀ ስንት ሲሆን ነው?» የሚል ነው።

«እኩል ነው» ቢል ኖሮ መንገዳቸው ልክ ነበር። 10ን ከሁለቱም ወገን ቀንሶ፣ ለኔጋቲቭ 2 አካፍሎ ሀ 3 ነው ማለት ነው፤ አለቀ። ልጅቱም በዚያው ሄዳ «ሀ ከ3 ይበልጣል» ብላ ጻፈች። እስቲ ወደ ጓዳ እንግባ። 10 ኪሎ ስኳር አለ፤ በየሳምንቱ 2 ኪሎ ያልቃል። ከ4 ኪሎ በላይ የሚኖረን መቼ ነው? 3 ሳምንት ሳይሞላ ነዋ! በ5ኛው ሳምንት መጨረሻማ ጣሳው ባዶ ነው።

እንዲህ ያለው የእኩልነት ዓረፍተ ነገር መልሱ አንድ ቁጥር ነው፤ የአለእኩልነት ግን ክልል ነው። በዘካም ይህን እናውቀዋለን፤ በግጦሽ የሚኖሩ 40 በጎች ያሉትም 120 ያሉትም የሚያወጡት አንድ በግ ነው፤ 121 ሲደርሱ ሁለት ይሆናል።

መደመርና መቀነሱ፣ በፖዘቲቭ ቁጥር ማባዛትና ማካፈሉ ለሁለቱም አንድ ነው። በኔጋቲቭ ስናባዛ ወይም ስናካፍል ግን «ይበልጣል» የነበረው «ያንሳል» ይሆናል። ነጋዴ ቶሎ ይገባዋል፦ 5 ብር ያለው 2 ብር ካለው ይበልጣል፤ 5 ብር ዕዳ ያለበት ግን 2 ብር ዕዳ ካለበት በታች ነው። (ሀ ራሱ ኔጋቲቭ ይሁን ፖዘቲቭ ሳይታወቅ በሀ ማባዛትም ለዚሁ ነው የሚያሳስተው።)

መገልበጡ ለሚረሳው ሌላ መንገድ አለ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ጊዜ፣ በባግዳድ የነበሩት ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ «አልጀብራ» የሚለው ስም የተገኘበትን ኪታብ ጽፈዋል። የጻፉት ስለ እኩልነት ነው። ሆኖም «አል-ጀብር» የተባለው ስልት፣ ማለትም የተቀነሰውን ወደ ሌላው ወገን አሻግሮ መደመር፣ እዚህም ይሠራል። ሬዲዮ ሰሌዳ የለውምና በጆሮ ተከተሉኝ፦ ሁለቱን ሀ ወደ 4 ወገን ስናሻግር 10 ከ4 እና ከሁለት ሀ ድምር ይበልጣል። ከሁለቱም 4 ስንቀንስ 6 ከሁለት ሀ ይበልጣል። ለ2 ስናካፍል 3 ከሀ ይበልጣል። ኔጋቲቭ አልነካንም፤ የተገለበጠም የለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሀ ቦታ 1ን ስናስገባ 8 ይወጣል፤ ከ4 በላይ ነው። 3ን ስናስገባ ልክ 4፣ 5ን ስናስገባ ዜሮ።

አባትየው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ዛሬ ማታ አብረን እንደገና እንሠራዋለን፣ ኢንሻአላህ» ብለው ሄዱ።